የሻይ ሥር የሚያገኘው አፈሩ የለወጠውን ነው፦ «አሞኒየም ብቻ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ለአዳዲስ የሻይ አልሚዎች ታስቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ከሚገኝባቸው ሁለት ዋና መልኮች የሻይ ሥር የሚቀበለው አሞኒየምን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው፣ ናይትሬት፣ ለሻይ ባዕድ ነው። ዩሪያ እንዳለ በሥሩ ስለሚገባ በየግንዱ ሥር በዓመት አንዴ አንድ እፍኝ ማድረግ ይበቃል። የሻይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አሞኒየሙ ሳይለወጥ ይቆያል። አሲዳማነቱ ከበዛ እንደ ስንዴ ማሳ ኖራ ይነስነስበት። ፍግና ኮምፖስት ያለው ዩሪያ አያስፈልገውም። ናይትሮጅን በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሻዩ ይጣፍጣል።

ጽሑፉ የተነሳበት መሠረት እውነት ነው፤ ሻይ አሞኒየም ወዳድ ተክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው በማሰሮ ውሃ ውስጥ ያደገን ችግኝ ጠባይ ወስዶ በከፋ ወይም በኢሉ አባ ቦር ቀይ አፈር ላይ ሲጭነው ነው። በውሃ ውስጥ ሥሩ የሚያገኘው የተሰጠውን ነው። በማሳ ግን በማዳበሪያውና በሥሩ መካከል አፈሩ አለ፤ የተሰጠውንም እንደተቀበለ አያሳልፍም። ከታች ያለው እርማት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንነሳ። አሞኒየምን መምረጥና ከአሞኒየም በቀር ሌላ አለመንካት አንድ አይደሉም። የጤፍ እንጀራ የሚመርጥ ሰው የበቆሎ ቂጣ አይበላም ማለት አይደለም። ሻይ ለምን እንደሚመርጥ ማወቁ ግን ይጠቅማል። የሥር ሕዋስ ውስጡ ከውጭው ይልቅ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙላት አለው። አሞኒየም ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ በሕዋሱ ሽፋን ላይ በተሰካው የአሞኒየም ማጓጓዣ ፕሮቲን በኩል ቁልቁለት እንደሚወርድ ሆኖ ይገባል። ናይትሬት ኔጌቲቭ ስለሆነ መንገዱ ዳገት ነው፦ ለአንዱ ናይትሬት ሁለት ፕሮቶኖች (አሲድነትን የሚያመጡ ፖዘቲቭ ቅንጣቶች) አብረውት መግባት አለባቸው፤ እነዚያን መልሶ ወደ ውጭ ለመግፋት ሥሩ ስኳር ያቃጥላል። ከገባም በኋላ ወጪው ይቀጥላል። ናይትሬት አሚኖ አሲድ ከመሆኑ በፊት መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ አሞኒየም መቀነስ አለበት። ይህ ለእያንዳንዱ ናይትሬት 8 ኤሌክትሮን ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ደረጃ የሚሠራው ናይትሬት ሪዳክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ያለ ሞሊብዲነም አይንቀሳቀስም፤ አሲዳማ ቀይ አፈር ደግሞ ሞሊብዲነምን አጥብቆ ይይዛል።

ብዙ ሰብሎች አሞኒየም ብቻ ሲሰጣቸው ይታመማሉ። ሻይ የሚተርፈው የገባውን አሞኒየም እዚያው ሥሩ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚያስረው ነው። አሞኒየሙ ከግሉታሜት ጋር ተጣምሮ ግሉታሚን ይሆናል፤ ከግሉታሚን እንደገና ግሉታሜት ይወጣል፤ ግሉታሜቱ ከአላኒን ከሚገኘው ኤቲልአሚን ጋር ሲገናኝ ቲያኒን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1949 በጃፓን ከአረንጓዴ ሻይ ተለይቶ የታወቀው ይህ አሚኖ አሲድ በቅጠሉ ካሉት ነጻ አሚኖ አሲዶች ውስጥ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። የሚሠራው በዋናነት በሥር ነው። ሥሩ ጎተራ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ በውሃ ቧንቧው በኩል ወደ ላይ ይልከዋል።

ናይትሬትስ? የሻይ ሥር የናይትሬት ማጓጓዣ ፕሮቲኖችም አሉት። ናይትሮጅን 15 በሚባለው ከባድ ናይትሮጅን ምልክት ተደርጎባቸው ሁለቱም ሲሰጡት ሁለቱም ገብተው ይገኛሉ፤ አሞኒየሙ ፈጥኖ፣ ናይትሬቱ ዘግይቶ። የገባው ናይትሬት ከፊሉ በሕዋሱ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ከእሱ የሚሠራው ቲያኒንም ያነሰ ነው። ናይትሬት ብቻ የሚመገብ ችግኝ ይገረጣል፣ እድገቱም ይጓተታል፤ መርዝ እንደበላ ግን አይሞትም። ለመገርጣቱ አንዱ ምክንያት ሥሩ ናይትሬት ሲወስድ በዙሪያው ያለውን አፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከፍ ማድረጉ ነው። አሞኒየም ሲወስድ ግን ፕሮቶን ስለሚለቅ አካባቢውን ራሱ ወደሚወደው አሲዳማነት ይስበዋል።

ይህን ልዩነት የምናነሳው ለቃላት ክርክር አይደለም። ናይትሬት ባዕድ ነው ብሎ ያመነ ሰው በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሬት ከሒሳብ ያወጣዋል። በጣም ያረጀ ቀይ አፈር በጥልቁ ክፍሉ ጥቂት ፖዘቲቭ ሙላት ስላለው ወደ ታች የሰረገውን ናይትሬት በከፊል ይይዘዋል። ጥልቅ ሥር ያለው ያደገ ቁጥቋጦ ከዚያ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ከዘር የበቀለ ሻይ ቁልቁል የሚሄድ ዋና ሥር አለው። ቅጠል ካለው የቅርንጫፍ ቁራጭ የተባዛው ግን ዋና ሥር የለውም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጥልቁ የሚያወጣው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ናይትሬት የሚባክነው በዋናነት ከወጣት ማሳ ነው፤ ምክንያቱም ሥሩ ገና አልደረሰበትም።

ዩሪያ እንዳለ ይገባል የሚለው ደግሞ ከእውነቱ ቅንጣት ይዟል፤ ከሁሉ የከፋ ጥፋት የሚያስከትለውም እሱ ነው። ተክሎች ዩሪያን እንዳለ የሚያስገቡ ማጓጓዣዎች አሏቸው። ግን ዩሪያ በእርጥብ አፈር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ዩሪዬዝ የተባለው፣ በአፈር ተሕዋስያንና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሞላ ኢንዛይም ወደ አሞኒየምና ካርቦኔት ይሰብረዋል። ሥሩ አብላጫውን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መሐል ሦስት ነገር ሊበላሽ ይችላል። ዩሪያው ሲሰበር በእያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያ ያለው አፈር ለጊዜው ፒኤቹ ከ8 በላይ ሊወጣ ይችላል። ማሳው በአጠቃላይ 4.8 ቢሆንም ፍሬዋ የተቀመጠችበት ነጥብ አልካላይ ሆነ ማለት ነው፤ አሞኒየሙም ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይተናል። አፈሬ አሲዳማ ስለሆነ ዩሪያ አይተንብኝም የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትነቱ የሚብሰው ከግርዘት በኋላ መሬት ላይ በተነጠፈ ቅርንጫፍና ቅጠል ላይ ሲበተን ነው፤ እዚያ ዩሪዬዙ ብዙ፣ አሞኒየሙን የሚይዘው ሸክላ ግን የለም። መፍትሔው ጉዝጓዙን ወደ ጎን ገፍቶ ዩሪያውን አፈሩ ላይ መበተንና መልሶ መሸፈን ነው። ከተበተነ በኋላ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ካገኘ ሰርጎ ይገባል። አፈሩን ብቻ አርጥቦ የሚያቆም ካፊያ ከደረቅ ቀን ይብሳል፤ ዩሪያውን ያሟሟዋል እንጂ አያሰርገውም።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ያልተሰበረ ዩሪያ ሙላት ስለሌለው አፈሩ አይዘውም፤ ዶፍ ከወረደበት ከውሃው ጋር ከመጋቢ ሥሮቹ በታች ያልፋል። በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከሚበረታባቸው ከሐምሌና ነሐሴ ሳምንታት ይልቅ የበልጉ ዝናብ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከዚያ ክረምቱ ከመክበዱ በፊት፣ በመጨረሻም ዝናቡ ሊያባራ ሲል መስጠት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ግንዱ ሥር የሚጠቡ ቀጫጭን ሥሮች እምብዛም የሉም። መጋቢዎቹ ነጫጭ ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ከግንዱ ራቅ ብለው በረድፎቹ መካከል ይዘረጋሉ። ግንዱ ላይ የተከመረ ዩሪያ የሚያገኘው ቅርፊቱን ነው፤ አሞኒያውም የችግኙን አንገት ያቃጥላል። የተቃጠለው ችግኝ መጀመሪያ ውሃ የተጠማ ይመስላል፤ አልሚው ውሃ ያጠጣዋል፤ አንገቱን ሲፍቀው ግን ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል። ላደገ ቁጥቋጦ ከግንዱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ በመስመር መበተን፣ አስቀድሞ ማረም፣ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ሳለ አለመበተን በቂ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ የቀረች ፍሬ ቅጠሉን ነድላ ታቃጥለዋለች።

አሲዳማ አፈር አሞኒየሙን እንዳለ ያቆየዋል የሚለው ለረጅም ጊዜ በብዙዎች ይታመንበት የነበረ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ብቻውን አይወቀስበትም። በቤተ ሙከራ የታወቁት አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አያድጉም ነበርና። ሆኖም ይህን ሥራ በአሲዳማ አፈር ውስጥ በብዛት የሚሠሩት አርኬያ የተባሉ ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከስኮትላንድ አሲዳማ የእርሻ አፈር የተለየችው ናይትሮሶታሊያ ዴቫናቴራ የተባለች አርኬያ በጥሩ ሁኔታ የምትሠራው በፒኤች 4 እና 5 መካከል ነው፤ ገለልተኛ አፈር ውስጥ አትኖርም። ያም ማለት ሻይ የሚወደው አሲዳማነት ለእሷም ይመቻታል። በዚያ ላይ ፒኤቹ ሲወርድ የሸክላው አሞኒየም የመያዝ አቅምም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አሞኒየሙ የተማመንበትን ያህል የታሰረ አይደለም።

በዓመት አንዴ መስጠት ይበቃል የሚለው ምክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዴ የፈሰሰ ብዙ አሞኒየም ሥሩ ሊወስደው ከሚችለው በላይ ነው፤ የማጓጓዣ ፕሮቲኖቹ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ አፈሩ ውስጥ እጥፍ ቢኖርም እጥፍ አይገባም። የተረፈውን ተሕዋስያኑ ይቀበሉታል። ናይትሬቱም ሥር ካላገኘው በዝናብ ወርዶ ይሄዳል፤ ሲሄድም ብቻውን አይሄድም፤ ኔጌቲቭ ስለሆነ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም አስከትሎ ይወጣል። ከአሞኒየም ወደ ናይትሬት በተደረገው ለውጥ የተለቀቀው አሲድ ግን እዚያው ይቀራል። ናይትሬቱን ሥሩ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ከአሲዱ ከፊሉ በተካካሰ ነበር።

የዚህ ውጤት በጃፓን ሺዙኦካ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አንዳንድ ማሳዎች ላይ በሄክታር በዓመት ከ1000 ኪሎ ግራም በላይ ናይትሮጅን ይበተን ነበር፤ አብዛኛውም በአሞኒየም መልክ። ጽሑፉ እንደሚለው አሞኒየሙ ባለበት ቢቆይ ኖሮ ከሻይ ማሳዎቹ በታች ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በናይትሬት ባልተበከለ ነበር። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1999 ለከርሰ ምድር ውሃ በሊትር 10 ሚሊ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን ጣሪያ አስቀመጠች፤ የማዳበሪያው መጠንም በእጅጉ ተቀነሰ።

ወደ ኖራው እንለፍ። ለስንዴ፣ ለገብስና ለባቄላ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ትክክል ነው፤ እነዚያን ሰብሎች የሚጎዳው አልሙኒየም ነውና። ሻይ ግን አልሙኒየም ሰብሳቢ ተክል ነው፤ ጥቂት አልሙኒየም ሲያገኝ ሥሩ እንዲያውም የተሻለ ያድጋል። የሚመቸው ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ከ6 ሲያልፍ ቅጠሉ ይገረጣል፣ መጋቢ ሥሩ ይሳሳል። ኬንያ ውስጥ የሻይ አልሚዎች በደንብ የሚያውቁት ነገር አለ፦ በለመለመ ማሳ መሐል ክብ ሆኖ የቀጨጨ ቦታ ይገኛል፤ ሲጣራ ድሮ ጎጆ የቆመበት፣ አመድ የተደፋበት፣ ከብት የታሰረበት ነው። አመዱ ከስንት ዓመት በኋላም ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ይዞታል። ማከሚያው ኖራ ሳይሆን ተቃራኒው ነው፤ ድኝ ወይም አልሙኒየም ሰልፌት ይሰጠዋል። በእኛም አገር የምድጃ አመድ ጓሮ ሻይ ሥር መድፋት ልማድ ከሆነ መተው ነው። አዲስ ማሳ የሚመርጥ ሰውም የድሮ በረትና የቆሻሻ መድፊያ ቦታዎችን ለብቻ ናሙና ወስዶ ያስመርምር።

ኖራ ጭራሽ አይነካም ማለታችን ግን አይደለም። ለዓመታት ዩሪያ የተበተነበት ማሳ ፒኤቹ ከ4.5 በታች፣ በተለይ ወደ 4 ሲወርድ ማግኒዚየምና ካልሲየም ያልቁበታል፤ አሮጌው ቅጠል በደም ሥሮቹ መካከል ይገረጣል። ያኔ ማግኒዚየም ያለበት ዶሎማይት የሚባል ኖራ፣ በግርዘት ዓመት፣ በመጠኑ ይሰጣል። ከዩሪያ ጋር ባንድ ሰሞን ግን አይሆንም፤ ኖራና ዩሪያ ከተገናኙ ዩሪያው ወደ አየር ነው የሚሄደው። አሞኒየም ሰልፌት ለአንድ ኪሎ ናይትሮጅን ከዩሪያ ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል አሲድ ስለሚያመጣ ፒኤቹ ከ5.5 በላይ ለሆነ ማሳ ጥሩ ነው፤ 4.2 ላይ ላለ ማሳ አይመከርም። ካልሲየም አሞኒየም ናይትሬት ደግሞ ከውስጡ ኖራ የተደባለቀበት፣ ናይትሮጅኑም ግማሹ ናይትሬት የሆነ ማዳበሪያ ነው፤ ለሻይ የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት።

ስለ ፍግና ኮምፖስት ብዙ አንከራከርም። የሻይ ሥር አሚኖ አሲድ እንዳለ መውሰድ መቻሉ እውነት ነው፤ የሚያስገቡ ማጓጓዣዎችም አሉት። ነገር ግን በማሳ ላይ አሚኖ አሲዱን ተሕዋስያን ይቀድሙታል። ፍጉ የሚመግበው በስብሶ አሞኒየም ከሆነ በኋላ ነው። መጠኑን እንቁጠር፦ ደረቅ ፍግ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው ለ150 ኪሎ ናይትሮጅን 10 ቶን ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀቀው ደግሞ ከፊሉ ብቻ ነው። ያልበሰበሰ የቡና ገለፈት ወይም ሰጋቱራ ብቻውን ሲደፋ ይባስ ብሎ በአፈሩ ያለውን አሞኒየም ለጊዜው ይቀማል፤ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ራሳቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉና። ከፍግ በፊት ማሳው ውስጥ ያለው ሀብት ይታሰብ፦ የተገረዘው ቅርንጫፍና ቅጠል። ለማገዶ ተለቅሞ የሚወጣ ከሆነ የዓመታት ናይትሮጅንና ፖታሲየም አብሮ ምድጃ ገባ።

ጣዕሙን በተመለከተ ጽሑፉ የአረንጓዴ ሻይን ሒሳብ ለጥቁር ሻይ ተጠቅሟል። አሞኒየም በዛ ያለ ቲያኒን ያስገኛል፤ ለጃፓን የጥላ ሻይ ይህ ዋጋ አለው። እዚያ ከለቀማው በፊት ቁጥቋጦው በመጋረጃ የሚሸፈነው ብርሃን ሲያገኝ ቲያኒኑ ተሰብሮ ወደ ካቴኪን ሥራ ስለሚገባ ነው። የእኛ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚያመርቱት ግን ጥቁር ሻይ ነው። የጥቁር ሻይ ቀለምና ጥንካሬ የሚመጣው ከካቴኪን ነው፤ ካቴኪን ተብላልቶ ቴያፍላቪን የሚባል ቀለም ሰጪ ውህድ ሲሆን። ናይትሮጅን ከልክ ሲያልፍ ተክሉ ካርቦኑን ወደ ፕሮቲንና አሚኖ አሲድ ያዞርና ካቴኪኑ ይቀንሳል። በኬንያ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ናይትሮጅኑ ሲጨምር የጥቁር ሻይ ጥራት ሲወርድ አሳይተዋል። ስለዚህ ገደብ የሚያስፈልገው ለገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ለስኒውም ነው።

አሁን እፍኙን እንመዝነው። በ1.2 ሜትር በ0.6 ሜትር የተተከለ ማሳ በሄክታር 13,889 ያህል ቁጥቋጦ ይይዛል። አንድ እፍኝ ዩሪያ 50 ግራም ቢሆን፣ እጁ ሰፋ ካለም ይበልጣል፣ በሄክታር 694 ኪሎ ዩሪያ ወይም 319 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ነው፤ ያውም ባንድ ቀን። ለማነጻጸር፦ የደረቀ የሻይ ቅጠል 4 በመቶ ያህል ናይትሮጅን አለው፤ 4.5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ደግሞ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ሻይ ይሰጣል። በሄክታር 9 ቶን እርጥብ ቅጠል የሚለቀምበት ማሳ 2 ቶን ደረቅ ሻይ፣ ከእሱም ጋር 80 ኪሎ ናይትሮጅን ያወጣል። የሚባክነውንና ግንዱና ሥሩ የሚይዙትን ጨምረን ለእንዲህ ያለ ማሳ 150 ኪሎ ናይትሮጅን ብንመድብ 326 ኪሎ ዩሪያ ይሆናል፤ ለአንድ ቁጥቋጦ 23 ግራም ተኩል፣ በሦስት ዙር ሲከፈል በየዙሩ 8 ግራም ገደማ። ከዚህ በታች የሚለቀምበት ማሳ በዚያው ልክ ይቀነስለት። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) የሰጠ ሰው ደግሞ በየኩንታሉ 19 ኪሎ ናይትሮጅን እንደገባ ቆጥሮ ከዩሪያው 41 ኪሎ ያንሳ።

8 ግራም በእጅ አይለካም። 8 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ሰፊ የጠርሙስ ክዳን ወስዶ 20 ጊዜ በዩሪያ ሞልቶ አንድ ላስቲክ ውስጥ መገልበጥ፣ ሰፈር ባለው የቅመም ሚዛን ማስመዘን፣ ለ20 ማካፈል። ክዳኑ ከ8 ግራም በላይ ከያዘ 8 ግራም የሚሞላበት ቁመት ላይ በምስማር ጭረት ይደረግበትና ለበታኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ክዳን ይታደል።